ርቀቱን ማን ወሰነ? በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መሀል የነበሩ የሴቶች ሻምፒዮናዎች

ጁላይ 16 ቀን 1932። ቦታው ከቺካጎ ጎን ያለችው የኢቫንስተን ከተማ። የአሜሪካ የሴቶች አትሌቲክስ ሻምፒዮና ሊጀመር ነው። ቡድኖች በየስማቸው ይጠራሉ፣ አትሌቶቻቸው ወደ ሜዳው ይገባሉ። የኢሊኖይ የሴቶች አትሌቲክስ ክለብ ተጠራ፤ 22 ሴቶች ወጡ። ከዳላስ የመጣው የአንድ ኢንሹራንስ ኩባንያ ቡድን ተጠራ። አንዲት የ21 ዓመት ልጅ ብቻዋን እየሮጠች ወጣች። ቡድኑ እሷው ነች። ሌላ ሰው የለም።

ስሟ ሚልድረድ ዲድሪክሰን ነው። ሰው የሚያውቃት ግን «ቤብ» በሚለው ቅጽል ስሟ ነው። ሦስት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ከአንዱ ውድድር ወደ ሌላው ስትሮጥ ዋለች። በ80 ሜትር መሰናክል፣ በጦር፣ በአሎሎ፣ በርዝመት ዝላይና በቤዝቦል ኳስ ውርወራ አንደኛ ወጣች። አዎ፣ ያኔ የቤዝቦል ኳስ ውርወራ የሚባል ውድድር ነበር። በከፍታ ዝላይ ከጂን ሻይሊ ጋር እኩል አንደኛ ሆነች። በዲስከስ አራተኛ።

ነጥቡ ሲደመር ቤብ ለብቻዋ 30፣ የኢሊኖይ ክለብ በ22 ሰው 22። የቡድን ዋንጫውን አንዲት ልጅ ወሰደችው።

እንዴት 30 እንደሞላ እንይ፤ ሒሳቡ ቀላል ነው። አንደኛ 5 ነጥብ፣ ሁለተኛ 3፣ ሦስተኛ 2፣ አራተኛ 1። አምስት ጊዜ አንደኛ መውጣት 25 ይሆናል። በከፍታ ዝላይ ሁለቱ ልጆች የአንደኛውንና የሁለተኛውን ነጥብ ደምረው እኩል ይካፈላሉ፤ 5 እና 3 ስምንት፣ ለእያንዳንዳቸው 4። የዲስከሱ 1 ሲጨመር 30 ሞላ።

ይህ ታሪክ ሁልጊዜ እንደ ተአምር ነው የሚወራው። ተአምርነቱን አልክድም። እኔን ግን ይበልጥ የሚገርመኝ ዙሪያው ያለው ነገር ነው። ኢንሹራንስ ኩባንያ የአትሌቲክስ ቡድን ምን ያደርግለታል? ሜዳው ላይ 800 ሜትር የሚባል ሩጫ ለምን አልነበረም? በዚያው ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ሴቶች እየሮጡት ነበር እኮ። መልሱ ያለው ውድድሩን በሚያዘጋጁት ሰዎች እጅ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ባንኩ፣ መደብሩ፣ ኢንሹራንሱ

የኢንሹራንሱ ነገር ለእኛ አገር አንባቢ ብዙም አይከብድም። የአገራችንን ሻምፒዮና የሚከታተል ሰው «ከንግድ ባንክ ነች ወይስ ከመከላከያ?» ብሎ መጠየቅ ለምዷል። አሜሪካም ያኔ እንደዚያው ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች ለወንዶች ትልልቅ ቡድን ሲይዙ ለሴቶች በራቸውን ዘግተው ነበር። ክፍተቱን የሞሉት የከተማ ክለቦችና ኩባንያዎች ናቸው። ሚልሮዝ የሚባለው ታዋቂ የኒውዮርክ ክለብ ለምሳሌ የዋናሜከር ትልቅ መደብር ሠራተኞች ያቋቋሙት ነው። ኩባንያው ስሙ በጋዜጣ ይወጣለታል፣ ሠራተኛው ይደሰታል፣ ወጪውም ከማስታወቂያ ይረክሳል።

የቤብ ቀጣሪ ኢምፕሎየርስ ካዡዋልቲ ይባላል። መጀመሪያ የፈለጋት ለቅርጫት ኳስ ቡድኑ ነበር። በወረቀት ላይ ግን ጸሐፊ ነች፤ ደመወዟም በወር 75 ዶላር። ወረቀቱ ለምን አስፈለገ? የአማተር ሕግ ስላለ። አማተር ማለት በስፖርት ገንዘብ የማያገኝ ሰው ነው። ለመሮጥ ከተከፈለህ ትባረራለህ፤ ለመተየብ ከተከፈለህ ችግር የለም። ስለዚህ አትሌቷ ትተይባለች፣ ከሰዓት በኋላ ትለማመዳለች፣ ሁሉም አይቶ እንዳላየ ያልፋል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን የቤብ ስም በመኪና ማስታወቂያ ላይ ሲወጣ የአማተር አትሌቲክስ ኅብረት የሚባለው የአገሪቱ ማኅበር አገዳት። ለኩባንያ መሮጥ ተፈቅዶ ለመኪና ስም ማዋስ ኃጢአት ሆነ። እንዲህ ያለውን መስመር ማን እንደሚያሰምረው እንጃ።

አንባቢን ግራ የሚያጋባ አንድ ሌላ ነገር አለ። «የአገር ሻምፒዮና» ሲባል የአገሩ ዜጋ ብቻ የሚወዳደርበት ይመስለናል። ያኔ በብዙ ቦታ ክፍት ነበር። ስቴላ ዋልሽ ክሊቭላንድ ውስጥ ያደገች፣ ግን ለፖላንድ የምትሮጥ ልጅ ነች። በ1930 ዳላስ ላይ የአሜሪካን ሻምፒዮና በሦስት ውድድር አሸነፈች። ይህ ክፍት በር ወደ ኋላ የምናገኛትን አንዲት ሴት አትሌትነቷን ያተርፍላታል።

የራስ ቤት ወይስ የወንዶቹ ቤት?

ወደ መነሻው እንመለስ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፋፋም ወንዶቹ ጦር ሜዳ ናቸው። ፈረንሳይ ውስጥ የሴቶች ክለቦች እየበዙ ሄዱ። ፓሪስ ላይ በ1917 የመጀመሪያው የፈረንሳይ የሴቶች አትሌቲክስ ሻምፒዮና ተካሄደ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የራሳቸውን ፌዴሬሽን አቋቋሙ። ብዙም ሳይቆይ መሪዋ የሆነችው አሊስ ሚሊያ የናንት ተወላጅና የጀልባ ቀዛፊ ነበረች።

ሚሊያ በ1919 የዓለም አቀፉን ኦሎምፒክ ኮሚቴ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፦ ሴቶች በኦሎምፒክ አትሌቲክስ ይካተቱ። መልሱ እምቢ ነበር። የኮሚቴው አለቃ ኩበርታን የሴት ቦታ አሸናፊውን ወንድ አክሊል መድፋት ነው ብለው የሚያምኑ ሰው ነበሩ። ሌላ ሰው ቢሆን ደብዳቤ መጻፉን ይቀጥላል። እሷ ግን የራሷን ውድድር አዘጋጀች። በ1921 ሞንቴ ካርሎ፣ አምስት አገር። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፍ የሴቶች ስፖርት ፌዴሬሽን ተመሠረተ። በ1922 ደግሞ ፓሪስ ፐርሺንግ ስታዲየም «የሴቶች ኦሎምፒክ» ብላ አንድ ቀን ሙሉ አወዳደረች። 20,000 ያህል ተመልካች መጣ።

አሁን የውድድሩን ዝርዝር ተመልከቱ። ሞንቴ ካርሎ ላይ 800 ሜትር ነበር፤ ፈረንሳዊቷ ሉሲ ብሬያር አሸነፈች። ፓሪስ ላይ ደግሞ 1,000 ሜትር ነበር፤ እሷው በ3 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ጨረሰችው። «ሴት ይህን ትችላለች ወይ?» የሚል ስብሰባ አልተጠራም። ሮጡት፣ አለቀ።

እንግሊዝ ውስጥም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ሴቶቹ በ1922 ወደ ወንዶቹ ማኅበር እንግባ ሲሉ አይሆንም ተባሉ። የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። በ1923 ኦገስት ለንደን ጠርዝ ላይ ባለ የአንድ ፋብሪካ ሜዳ የመጀመሪያውን ሻምፒዮና አካሄዱ። ፋብሪካው የሾርባ ቅመም የሚሠራው ኦክሶ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ግማሽ ማይል ነበር፤ 800 ሜትር ላይ አምስት ሜትር ያህል ጨምሩበት።

አሜሪካና ጀርመን ሌላ መንገድ ሄዱ። ጀርመን ውስጥ የወንዶቹ ማኅበር ሴቶቹን ተቀበለና በ1920 ድሬስደን ላይ ከወንዶቹ ጋር አብረው ተወዳደሩ። የተሰጣቸው ጥቂት ውድድር ብቻ ነበር። አሜሪካ ውስጥ የአማተር አትሌቲክስ ኅብረት የሚባለው ግዙፍ ማኅበር ሴቶችን ለመመዝገብ ተስማማ። የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሴፕቴምበር 29 ቀን 1923 ኒው ጀርሲ ኒውአርክ፣ ዊክዌይክ ፓርክ ተካሄደ።

የቱ ይሻላል? የራስ ቤት ገንዘብ የለውም፣ ሜዳ ይለምናል፣ ጋዜጣ አይዘግብለትም። የወንዶቹ ቤት ሜዳም፣ ሰዓት ያዥም፣ ሪከርድ የሚያጸድቅ ቢሮም አለው። ግን የቤቱ ባለቤት ሌላ ነው። ባለቤቱ አንድ ቀን «ይህን ርቀት ሰርዘናል» ቢል ይግባኝ የለም። ያ ቀን ደግሞ መጣ።

አምስተርዳም፣ ኦገስት 2 ቀን 1928

የወንዶቹ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንና ኦሎምፒክ ኮሚቴው «ኦሎምፒክ» የሚለው ስም በሴቶቹ መወሰዱ ከነከናቸው። ድርድር ተደረገ። ሚሊያ ስሙን ትታ ውድድሯን «የሴቶች የዓለም ጨዋታ» ብላ ሰየመች። በምላሹ በ1928 አምስተርዳም ኦሎምፒክ ለሴቶች አትሌቲክስ በሩ ተከፈተ። አምስት ውድድር ብቻ፦ 100 ሜትር፣ 800 ሜትር፣ ዱላ ቅብብል፣ ከፍታ ዝላይና ዲስከስ። የእንግሊዝ ሴቶች «አምስት ብቻ ስድብ ነው» ብለው ቀሩ። በሜዳሊያ ቋንቋ ከባድ ኪሳራ ነው። በመርኅ ደረጃ ግን አልፈርድባቸውም።

የ100 ሜትሩን ወርቅ የ16 ዓመቷ ቤቲ ሮቢንሰን ወሰደች። ይህች ልጅ ከጥቂት ወራት በፊት ሩጫ የሚባል ነገር አታውቅም። ባቡር ሊያመልጣት ሲል ስትሮጥ መምህሯ አይቶ ነው ያገኛት። በዚያው ዓመት ኒውአርክ ላይ በተካሄደው የአገር ሻምፒዮና ሁለተኛ ወጥታ ነበር ለቡድኑ ያለፈችው።

800 ሜትሩ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ፍጻሜውን ዘጠኝ ሴቶች ሮጡ። ጀርመናዊቷ ሊና ራድኬ በ2 ደቂቃ ከ16.8 ሰከንድ በዓለም ሪከርድ አሸነፈች። ሁለተኛዋ ጃፓናዊቷ ኪኑዌ ሂቶሚ ነች። ሂቶሚ በ100 ሜትር ሳይሳካላት ስለቀረ ሮጣው በማታውቀው 800 ሜትር ገብታ ነው ብር የወሰደችው። ዘጠኙም መስመሩን አቋርጠው ጨርሰዋል።

አንዳንድ ጋዜጦች ግን ሌላ ጻፉ። 11 ሴቶች ሮጡ፣ አምስቱ አቋረጡ፣ የቀሩት ሜዳው ላይ ተዘረሩ። ቁጥሩ እንኳ ልክ አይደለም። ደክሟቸው የተቀመጡ ነበሩ ወይ? ነበሩ። 800 ሜትር ሮጦ የማይደክመው ካለ ይምጣና ይናገር። ወንድ መጨረሻው ላይ ሲወድቅ «ጀግና፣ ያለውን ሁሉ ሰጠ» ይባላል። ሴት ስትወድቅ ሐኪም ይጠራል።

ከዚያ ወዲያ 800 ሜትር ከሴቶች ኦሎምፒክ ተሰረዘ። የተመለሰው በ1960 ሮም ላይ ነው። 32 ዓመት! ከዚያም እግር በእግር መጣ፦ 1,500 ሜትር በ1972፣ ማራቶን በ1984፣ 10,000 ሜትር በ1988። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ ያንን 25 ዙር ዞራ ስታሸንፍ ውድድሩ በሴቶች ኦሎምፒክ ገና ሁለተኛ ጊዜው ነበር። ልጅ ሆኜ ያንን ሩጫ ስሰማ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ወደ አገር ሻምፒዮናዎቹ ስንመጣ ልዩነቱ ፍንትው ይላል። አሜሪካ ውስጥ ግማሽ ማይል በ1927ና በ1928 በሴቶች ሻምፒዮና ነበር። ከአምስተርዳም በኋላ ጠፋ። የተመለሰው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ቤብ ኢቫንስተን ላይ ምንም ብትፈልግ 800 ሜትር ልትሮጥ አትችልም ነበር፤ ዝርዝሩ ላይ የለም። እንግሊዝ ውስጥ ግን ሴቶቹ በራሳቸው ማኅበር መሮጣቸውን ቀጠሉ። የሚሊያ የሴቶች ጨዋታም በ1930 ፕራግ፣ በ1934 ለንደን ላይ 800 ሜትርን ይዞ ቆየ። ፕራግ ላይ ያሸነፈችው የበርሚንግሃሟ ግላዲስ ለን ነች፤ ስሟን ያዙልኝ።

ሴቶቹም ሴቶቹን ሲቃወሙ

እስካሁን ያልኩት «ወንዶቹ ከለከሉ፣ ሴቶቹ ሮጡ» የሚል ይመስላል። ነገሩ እንደዚያ ቢሆን ማብራሪያም አያስፈልገውም ነበር።

አሜሪካ ውስጥ የሴቶችን ሻምፒዮና አጥብቀው ከተቃወሙት ዋነኞቹ ሴቶች ናቸው። ያውም የስፖርት መምህራን። በ1923 ዋሽንግተን ላይ ተሰብስበው የሴቶች ክፍል የሚባል ድርጅት አቋቋሙ። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ሉ ሄንሪ ሁቨር ነበሩ፤ በኋላ የፕሬዚዳንት ባለቤት የሆኑት። ክርክራቸው እንዲህ ነው። ሻምፒዮና ጥቂት ኮከብ ያወጣል፣ ሺህ ልጆችን ተመልካች ያደርጋል። ወንድ አሠልጣኝና ነጋዴ ገብቶ ልጃገረዶቹን ትኬት መሸጫ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ ሁሉም ትጫወት፣ ማንም አታሸንፍ።

በምትኩ «የጨዋታ ቀን» አዘጋጁ። የተለያየ ትምህርት ቤት ልጆች ይመጡና ተቀላቅለው ቡድን ይሠራሉ። የትኛው ትምህርት ቤት እንዳሸነፈ ማወቅ አይቻልም፤ ሆን ተብሎ ነው። ማታ ሻይ ጠጥተው ይለያያሉ።

እውነቱን ለመናገር ግማሹ ክርክራቸው ያሳምናል። ቤብን ኩባንያው ምን ያህል እንደተጠቀመባት አይተናል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ስለ ማህፀንና ስለ «ውስን የሴት ጉልበት» የሚያወሩ ሐኪሞችን ወሬ አብረው ተሸከሙ። ሴቶች በ1932 ሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ አትሌቲክስ እንዳይወዳደሩ አቤቱታ እስከማቅረብ ደረሱ። ውጤቱ ግልጽ ነው። ትምህርት ቤቶች የሴት ቡድኖቻቸውን አፈረሱ፣ ኮሌጆች ጭራሽ አልጀመሩም።

ይህን ምክር ካልሰሙት መካከል የጥቁሮች ኮሌጆች ይገኙበታል። አላባማ ያለው የታስኪጊ ኮሌጅ አሠልጣኝ ክሊቭ አቦት በ1920ዎቹ መጨረሻ የሴት ቡድን ማሠልጠን ጀመረ። ነጭ ኮሌጆች ሴት ተማሪዎቻቸውን ሻይ ሲያጠጡ እሱ መነሻ ጉድጓድ እያስቆፈረ ነበር። ያኔ መነሻ ብረት የለም፤ ሯጮች የእግራቸውን ጣት የሚያስገቡበት ጉድጓድ በትንሽ የእጅ አካፋ ነበር የሚቆፍሩት።

ለጥቁር ሴቶች በሩ ሰፊ ነበር ማለቴ አይደለም። በዚያው በኢቫንስተን ሻምፒዮና ቲዳይ ፒኬትና ሉዊዝ ስቶክስ ለኦሎምፒክ ዱላ ቅብብል ቡድን አለፉ። ወደ ሎስ አንጀለስ ሲጓዙ ዴንቨር ላይ ሌሎቹ በአዳራሽ ራት ሲበሉ ሁለቱ ክፍላቸው ውስጥ እንዲበሉ ተደረገ። ባቡሩ ላይ ደግሞ ተኝተው ሳሉ ቤብ ውኃ ደፋችባቸው፤ ይህን ፒኬት ራሷ በኋላ ተናግራለች። ሎስ አንጀለስ ሲደርሱ በነጮች ተተኩ። ቡድኑ ወርቅ ወሰደ፤ እነሱ መቀመጫ ላይ ሆነው አዩ።

ትሬንተን፣ 1937

1936 ለሚሊያ ክፉ ዓመት ነበር። የወንዶቹ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የሴቶችን አትሌቲክስ ሙሉ በሙሉ ተረከበ። የሴቶቹ ዓለም አቀፍ ድርጅት ከሰመ፣ የሴቶች የዓለም ጨዋታም ቀረ። የእንግሊዝ ሴቶች ማኅበር ግን የራሱን ቤት ይዞ ቆየ። በዚያው ዓመት ጭራሽ ማይልን በሻምፒዮናው ጨመረ።

በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ ሻምፒዮና ትሬንተን፣ ኒው ጀርሲ ላይ ሆነ። ታስኪጊ የቡድኑን ዋንጫ ወሰደ። አንድ የጥቁሮች ቡድን ይህን ሲያደርግ የመጀመሪያው ነበር። ሉላ ሃይምስ በርዝመት ዝላይ አንደኛ ወጣች።

በከፍታ ዝላይ ያሸነፈችውስ? ግሬትል በርግማን። አይሁዳዊት ጀርመናዊት ነች። ከበርሊን ኦሎምፒክ በፊት 1.60 ሜትር ዘልላ የጀርመንን ሪከርድ ብታስተካክልም ናዚዎቹ ከቡድኑ አወጧት። ለእሷ የአገሯ ሻምፒዮና ዝግ ነበር። የሌላ አገር ሻምፒዮና ግን ክፍት ነበር፤ በ1934 የእንግሊዝን አሸነፈች። በ1937 አሜሪካ ገባችና በዚያው ዓመት በከፍታ ዝላይና በአሎሎ የአሜሪካ ሻምፒዮን ሆነች። በ1938 ከፍታ ዝላዩን ደገመችው።

በ1939 ቦታውን የተረከበቻት ከጆርጂያ የመጣች ታዳጊ ነች፤ አሊስ ኮችማን። ለታስኪጊ ነው የዘለለችው። ኮችማን የከፍታ ዝላይ ዘውዱን እስከ 1948 አሥር ዓመት ተከታታይ አልለቀቀችም። በ1948 ለንደን ላይ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች።

አጭር ሩጫ፣ ዝላይ፣ ውርወራ። ታስኪጊዎች በእነዚህ የነገሡት ያለው እሱ ብቻ ስለነበረም ነው። በ1937 ትሬንተን ላይ አንዲት ሴት ለብቻዋ ልትሮጥ የምትችለው ረጅሙ ርቀት 200 ሜትር ነበር። በዚያው በጋ እንግሊዝ ውስጥ ግላዲስ ለን ማይሉን በ5 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ሮጣ አሸነፈች።